የአባዬ ሰባት ቤት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ጠዋት 1፡30

ቱንቢው ተገኘ፣ ውሃ ልኩ ጠፋ። አባዬ ከኋላ ኪሱ ሻጥ አድርጎት እኔን የት አደረግሽው ይለኛል። ዞር በል ብዬ አወጣሁለት። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም፤ «በይ እንሂድ» ብቻ። ግንበኛ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ውሃ ልኩ የሚጠፋው በየቀኑ ነው።

ሥራው ከከተማው በታች፣ የአያ ሲሳይ እንግዳ ማረፊያ ነው። የድጋፍ ግንብ። እኔ ረዳት ነኝ። ሰርቬይንግ ተመርቄ፣ ያውም በማዕረግ፣ ክር እይዛለሁ። አልከፋኝም፤ ክር መያዝ እወዳለሁ። ቀጥ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ግን ስይዝ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። አንዴ ሥራ ማስታወቂያ፣ አንዴ ማስተርስ፣ አንዴ ደሴ።

ደሴ! ደብዳቤው አሁንም በአንተ ገጾች መሐል ነው፣ ደብተሬ፤ አታስመስል። ሲ/ር ብርሃኔ፣ ከደሴ ካቶሊክ ደናግል ቤት የላከችው። አንድ ዓመት አብሬያቸው እንድኖር፤ እኔ እንዳያቸው፣ እነሱም እንዲያዩኝ። ከዚያ ከፈለግሁ ገዳማዊት ለመሆን እቀጥላለሁ፤ ካልፈለግሁ በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል ትላለች። መልስ እስከ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ።

ደሴ ስማር፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የምፈልገው ነገር ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ አባዬን ያሳደጉት እነሱ ናቸው። በ77 ረሀብ ከመጠለያ ያነሱት፣ ያበሉት፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ድንጋይ መጥረብ ያስተማሩት። ካቶሊክ የሆንነውም በዚያ ነው። እዚህ ላሊበላ እኔ የማውቀው ካቶሊክ ሁለት ነው፤ አንዱ አባዬ፣ አንዷ እኔ።

ታዲያ ለምን እስካሁን አልመለስሽም ትለኛለህ። እማዬ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷም እዚያው ያደገች፣ ዘመድ የሌላት ነበረች። ልጅ ብሎ ያለው እኔን ብቻ ነው። አባዬ በዚህ ምድር ላይ ከእኔ ሌላ አንድ የሥጋ ዘመድ አያውቅም። እኔ ከሄድኩ ከሥራ ሲመለስ «መጣህ?» የሚለው ሰው የለም። ያው ይኼ ነው። ጻፍኩት።

እየጠራኝ ነው። መዶሻው ጠፋ መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከሰዓት 11፡00

ጠዋት ቤታችን ጸለይን። ቄሳችን ከደሴ የሚመጡት መንገዱ ደህና ሲሆን በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው። ሌላውን እሑድ አባዬ ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ። ከዚያ የማርያም መቁጠሪያ፣ በአምስት ምሥጢር የሚከፈለው። አራተኛው ምሥጢር ላይ እንቅልፍ ጣለው። ብቻዬን ጨረስኩለት።

ከሰዓት ሽማግሌ መጣ። እኔን ሊጠይቁ! እኔን!

ሦስት ሰው። አያ ሲሳይ ራሱ፣ ጎረቤታችን አቶ ፈንታ፣ መሪጌታ ጥበቡ። መሪጌታን የማያውቅ የለም፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ ከዚያ በላይ ግን ስማቸው የወጣው ዘር በመቁጠር ነው። ላስታ ውስጥ ማን ከማን እንደሚወለድ በቃላቸው ነው። ልጁ ናትናኤል ነው፣ የአያ ሲሳይ ልጅ፣ አስጎብኚ። ቱሪስት ሲጠፋ ከእኛ ጋር ድንጋይ ያቀብላል። ደግ ነው። ሳቁ ያምራል። ገዳም የምታስብ ልጅ ልቧ አይመታም ያለው ማን ነው? ትንሽ መታ። አለፈ።

ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ሃይማኖቱ በኋላ ይታያል አሉ፣ መጀመሪያ ዘር። እኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ አለመሆን ካልታወቀ ጋብቻ የለም። መሪጌታ አባዬን ከራስህ ጀምረህ ቁጠር አሉት።

«ምስጋናው።»

«እሺ።»

«ተሰማ።»

«እሺ። ተሰማ ማን?»

አባዬ ሁለት ጣቱን አጥፎ ሦስተኛውን ያዘ።

«ተሰማ ማን፣ ልጄ?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

አያ ሲሳይ ያገዘ መስሎት «ኧረ ቀስ ብሎ ይመጣለታል፣ እስቲ ጠላ ይቀዳለት» አለ። እኔው ቀዳሁ፣ ግማሹን ጠረጴዛው ጠጣ። መሪጌታ አልተቆጡም። ሳይቆጠር አይሆንም አሉ፤ እናቷ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ እኛ ግን የላስታ፣ አንተም የላስታ፣ ወንድምና እህት እንዳናጋባ። ተነሡ። ደጅ ድረስ ሸኘናቸው።

ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? አምስት ደቂቃ ያህል። ጥያቄው በራሱ ጊዜ ቆመ ብዬ። ከዚያ የአባዬን ፊት አየሁ። ሰው ፊት ራቁቱን የቀረ ሰው ፊት። ደስታዬ ወዲያው ሞተ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ምሳ ሰዓት

ዛሬ ግንቡ ላይ ተቀምጠን ሽሮ ስንበላ፣ ሳልጠይቀው ጀመረ።

ከመጠለያው ወረቀት ነበረው። ስም፣ የአባት ስም፣ «ላስታ»፣ ዕድሜ ወደ ስድስት። በቃ። ላሊበላ የመጣውም ለዚህ ነው፤ ሙያውን እንደተማረ፣ ዘመድ ፍለጋ። እኔ ለድንጋይ ሥራ የመጣ ነበር የሚመስለኝ! ሦስት ዓመት በየገበያው ጠየቀ። ኮን ገበያ ላይ አንድ ሰው፣ አዎ ተሰማ የሚባል ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ሽማግሌ ነው፣ ልጆቹ የተዳሩ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ከየት ያመጣል ብሎ ሳቀበት። አባዬም የኔ ተሰማ ሌላ ነው ብሎ ተመለሰ። ዳግመኛ አልጠየቀም።

ከዚያ የዘወትር ቃሉን አለ፦ ለዓላማ ነው። እግዚአብሔር ለዓላማ ነው ከዘሬ የለየኝ። ሲያመው ይላታል፣ ሲደሰት ይላታል። እኔም ስሰማት አድጌ አምኛታለሁ። የዓላማው መጨረሻ እኔ እንደሆንኩም አምናለሁ፤ ሲስተሮቹ እሱን አሳደጉ፣ እኔ እመለስላቸዋለሁ። እኩል ይሆናል።

ልጅ ሳለሁ ከልደት በፊት ያቺን የጌታን የዘር ቆጠራ ሲያነብ እሰለች ነበር። ያ ሁሉ ስም! እሱ ግን አንድም አይዘልም፤ እያንዳንዱን ጎረቤት እንደሚጠራ ቀስ ብሎ ነው። ዛሬ ገባኝ። የራሱ ዘር ቢጠፋበት የሌላውን ይቆጥራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ከሰዓት 10፡00

ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፣ ቆሜ ነው የምጽፈው።

መሪጌታ ብቻቸውን ሥራ ቦታ መጡ። ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። እንቅልፍ ነሣኸኝ አሉት አባዬን፤ ሰው ሁለት ቤት ላይ አይቆምም። ጥያቄ ጀመሩ። ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር? ሴት አያት የመሰለች፣ ዓይኗ የማያይ። አባቱ፣ ጢሙ ነጭ። ነጭ? አዎ ነጭ፣ አገጬን ይበላኝ ነበር። ምን ብለህ ነበር የምትጠራው? አባባ። ሌላስ?

«ወንድሜ ካሳ።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው። ትከሻው ላይ ያወጣኝ ነበር።»

«ካሳን ምን እያልክ ትጠራዋለህ?»

«ካሳ ነዋ።»

መሪጌታ ጉልበታቸውን በጥፊ መቱ። «የአያት ልጅ! ይኼ የአያት ልጅ ነው እንጂ!»

ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፣ ግን አስረዱ። እናት ስትሞት ወይ ስትፈታ ሕፃኑን አያት ያሳድገዋል። ሕፃኑ ቤተ ሰቡ ሲል እንደሚሰማው ነው የሚለው። አያቱን አባባ ይላል፣ አባቱን በስሙ ይጠራል፣ ታላቅ ወንድሙ ይመስለዋል። ሲያድግ ይነግሩታል። አባዬ ሳይነግሩት ነው የተለየው። መጠለያ ውስጥ የማን ልጅ ነህ ሲሉት የተሰማ አለ፤ ጻፉት። መሪጌታ ራሳቸው እናታቸውን እስከ አሥር ዓመታቸው «እታለም» እያሉ ነው ያደጉት፤ አያታቸውን ነበር እማዬ የሚሉ።

ስለዚህ ኮን ላይ የሳቀው ሰው እውነቱን ነበር። ተሰማ የስድስት ዓመት ልጅ አልነበረውም። የልጅ ልጅ ነበረው።

አባዬ መዶሻውን አስቀመጠ። «ትከሻው ላይ የሚያወጣኝ አባቴ ነበር?»

ከዚያ ሥራ አልሠራም። እኔም ክር አልያዝኩም። አያ ሲሳይ መጥቶ ምነው ቆማችሁ ሊል ሲል መሪጌታ በዓይናቸው አባረሩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ማታ 1፡00፣ ኮን

አዎ። ኮን ነኝ። በሰው ቤት፣ በሰው ጋቢ ውስጥ። የሰው አይደለም! የኛ። ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ንጋት 12 ሰዓት በሚኒባስ ወጣን። ጋሸና ላይ ቀየርን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። አባዬ የሠርግ ኮቱን ለብሷል፤ እማዬን ሲያገባ የለበሰውን። ክንዱ አጥሮታል። አልሳቅሁም።

የገበያ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ የተሰማን ልጅ ብለን አልጠየቅንም። የካሳ ተሰማን ዘመድ፣ በ77 ልጅ የጠፋበትን አልን። አንዲት ምስር የምትሸጥ ሴትዮ ቀና ሳትል፦ «ዘርፌን ነዋ የምትሉ። ያቺውላት፣ ነጭ ሽንኩርት ላይ የምትጨቃጨቀው።»

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሽ ያሰረች፣ ድምጿ ገበያውን የሚያቋርጥ። የካሳ ታናሽ እህት። ያን ጊዜ ሌላ አገር ተድራ ነበር፤ ስትመለስ ቤቱ ባዶ። አባዬ ፊቷ ቆመ። እኔ ነኝ የጀመርኩት፦ እናቴ፣ ምስጋናው የሚባል ልጅ…

እጇን አነሣች፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። አየችው። ብዙ አየችው።

«አባቴን ምን ትለው ነበር?»

«አባባ።»

«ካሳንስ?»

«ካሳ።»

ነጭ ሽንኩርቱ ተበተነ። በአንድ እጇ ኮቱን ይዛ በሌላው ትከሻውን ትመታዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። «አባትህን በስሙ እየጠራህ ሄድክ! አባትህን በስሙ እየጠራህ!» ገበያተኛው ተሰበሰበ። እንደተጣሉ መስሎት አንድ ሚሊሻ መጣ። ምስር ሻጯ አስረዳችው። ሚሊሻውም አለቀሰ።

መንገድ ላይ ነገረችን። አባዬ «ካሳ!» ብሎ ሲጠራው ካሳ እየሳቀ «አቤት ጌታዬ» ነበር የሚለው። የአባዬ እናት እሱን ወልዳ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ስለሞተች አያት አሳደገው። ካሳ ልጁ ከፍ ሲል «አባ በለኝ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ገና ነው፣ ይደርሳል እያለ። ወደ መጠለያው ሲሄዱ ካሳ መንገድ ላይ ቀረ። ተሰማ ደረሰና እዚያ ሞተ። ዘርፌ ልጁን ፈልጋለች። በየደረሰችበት፦ ምስጋናው ካሳን ያየ? እንዲህ ያለ ስም የትም አልተጻፈም።

ሁለቱም ፈልገዋል። በሁለት ስም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30። ረፋድ፣ ኮን

ቤቱ ሞላ። ከየት መጡ? ምስጋናው መጣ የተባለ እንደሆነ ተራራው ሁሉ የወረደ ይመስላል። እስካሁን ሠላሳ አንድ ዘመድ ጽፌአለሁ፣ ሕፃናቱን ትቼ። አንዱ አጎት የአባዬ ጆሮ አለው። ያው ጆሮ! አባዬም አየ፤ የራሱን ጆሮ ዳሰሰ።

እምዬ ዘርፌ (እንዲህ በዪኝ ብላለች) ቆጠረችለት። ቁጭ አድርጋ፣ እንደ ፊደል። ምስጋናው፣ ካሳ፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ደስታ፣ እንግዳ፣ ንጉሤ። ሰባት! እሱ ይደግማል፤ እንግዳ ላይ ይሳሳታል፤ ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች። በአራተኛው ሙከራ ወጣለት። ያጨበጨቡት ልጆቹ ናቸው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወጣት ተማሪ መሰለ።

ስለ ሃይማኖት ተነሣ፤ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆምን። ለምን አትገቡም? ካቶሊክ ነን። ካቶሊክ ምንድን ነው? አባዬ ሊያብራራ ጀመረ፣ ረዘመበት። እምዬ ዘርፌ አቋረጠችው፦

«ማርያምን ትወዳላችሁ?»

«በጣም።»

«ትጾማላችሁ?»

«እንጾማለን።»

«ልጄን አብልተው አሳድገዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ምን ነካችሁ፣ ተዉት!» አለች ለሰዉ። አንድ ቄስ አጎት ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱም እምቢ ማለቱም አልገባኝ። በኋላ ግን ለአባዬ ከፊቱ ሥጋ መርጦ አጎረሰው።

ስለ ደብዳቤው አልተናገርኩም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሽት 12፡00፣ ላሊበላ

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አባዬ ቆጠረ። ሳይጠየቅ፣ ተነሥቶ ቆሞ! መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው የአያ ሲሳይን ዘር በአንድ እጅ፣ የአባዬን በሌላው እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። አይገናኙም አሉ። ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ።

አባዬ ከዚያ የተናገረው፦ መልሱ የልጄ ነው። አልጠበቅሁም።

ናትናኤልን ራሴ አገኘሁት፣ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው ጥርጊያ። ነገርኩት። ደሴ፣ ሲስተሮቹ፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ፦ «እኔን ላለማግባት ገዳም ነው የምትገቢ? ቀላል እምቢታ አልነበረም?» ሳቅን። እውነቱን ነው፣ ትንሽ አዘነ። እኔም ትንሽ። ሰኞ ድንጋይ ለማቀበል እመጣለሁ ብሏል።

መሪጌታ ሲወጡ ለአባዬ ያሉት ደስ አለኝ፦ በጌታችን ቆጠራም የተዘለሉ አሉ፤ ያልተጠሩት ስላልተጠሩ አልጠፉም። አባዬ ይህንን ለእማዬ ፎቶ ነገራት። ሰማሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ምሳ ሰዓት

እምዬ ዘርፌ በቀን ሦስቴ ትደውላለች። በላ ወይ? ለበሰ ወይ? እስካሁን እኔ ሳላበላው ነው ለካ የኖርኩት! ዛሬ ስልኩን እኔ አነሣሁና በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ገዳም ለመግባት እያሰብኩ ነው።

«ቆብ? አንቺ? ባል ሞቶብሻል?»

አልሞተብኝም፣ አላገባሁም።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ቆብ የኔ ቢጤ ነው የሚጭነው፤ ልጅ ድራ፣ ባል ቀብራ፣ ወገቧ ሲታጠፍ! አንቺ ገና ጥርስሽ በረዶ!»

በእነሱ ዘንድ እንዲህ ነው፣ እውነቷን ነው። ሴት የምትመነኩሰው ሕይወትን ጨርሳ ነው። የእኛ ሲስተሮች በወጣትነት ነው የሚጀምሩት ብል፣ «ከምን ሊያመልጡ?» አለች። ከምንም፤ ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ት/ቤት ነው የሚገቡት አልኩ። «አርባ ዓመት ፈልጌ ያገኘሁት የወንድሜ ልጅ አንድ ልጅ አለችው፣ እሷንም…» ዘጋች።

እዚህ ላይ ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቅ ግን አልነበረም። አባዬ ብቻውን እንዳይቀር ዘመድ ፈለግን። ዘመድ ተገኘ፤ አሁን የማይለቀኝ ዘመድ ሆነ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት 9፡30

እምዬ ዘርፌ መጣች። የሚካኤልን በዓል ብዬ ነው ትላለች። በግ ይዛ! ከኮን እስከ ላሊበላ፣ ሚኒባስ ላይ፣ ጣራ ላይ የታሰረ በግ። ጾም ሳይገባ ልታበላን።

የዓርብ ሽሯችንን ከበላን በኋላ ጨዋታ ነበር። ከዚያ አባዬ ደስ ብሎት ያቺን ቃሉን አለ። ዘርፌ፣ አየሽ፣ ሁሉም ለዓላማ ነበር። እግዚአብሔር ከዚያ ያወጣኝ፣ ለእነሱ የሰጠኝ፣ ይህችን የሰጠኝ።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ካሳ ለዓላማ ነው መንገድ ላይ የቀረው?»

አባዬ ሊመልስ ሲል ቀጠለች፦

«አባቴ ለዓላማ ነው በሰው ነጠላ የተገነዘው? ተው ምስጋናው። ማርያም መለሰችህ በል፣ እልል እላለሁ። እነሱን ግን ለአንተ ቤት ማገር አታድርጋቸው። እነሱም ለራሳቸው ሰው ነበሩ።»

እንዲህ ያለ ንግግር በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባዬ መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ከዚያ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አለ፦

«አላውቅም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘርፌ።»

«እኔም አላውቅም» አለችው። እጁን ያዘች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 2፡00

አስቤ አደርኩ ልልህ ነበር፤ ውሸት፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ነው ያሰብኩት፣ በጉን ስቀልብ።

የኔም ምክንያት ያው ማገር ነበር። አባዬን ስላሳደጉ እኔ እመለስላቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር እሱን ስላወጣ ራሴን እሰጠዋለሁ። ሒሳብ። ሰርቬየር ነኝ፣ እኩል ሲሆን ደስ ይለኛል። እምዬ ዘርፌ ትናንት ያንን ክር በጠሰችው። ጌታ ካሳን ገድሎ እኔን ገዳም የሚያስገባ ከሆነ እኔም አልፈልገውም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ይቅር ይበለኝ፤ ግን አይመስለኝም የተቆጣ።

እንግዲህ ራሴን ጠየቅሁ። ምንም አልተደረገልንም እንበል። አባዬ ኮን አድጎ፣ ገበሬ ሆኖ፣ እኔም በአጋጣሚ ደሴ ተማሪ ሆኜ ያን በር ባንኳኳ። እሄድ ነበር ወይ?

ደሴ ሳለሁ አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ። ሲ/ር ብርሃኔ እጅጌዋን ሰብስባ የክሊኒኩን ወለል ስታጥብ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ጫማዋን አውልቃ እንዳታቆሽሽ በጥፍሯ ስትሄድ፣ ሁለቱም ሲሳሳቁ። ከቅዳሴ በፊት ያለው ዝምታ። እዚያ ሆኜ ሌላ ቦታ መሆን ተመኝቼ አላውቅም። እኔ! ሁልጊዜ ሌላ ቦታ መሆን የምመኝ ሰው።

እሄድ ነበር። በነፃ እሄድ ነበር።

እንዲህ ቀላል ነገር ነው? በጉ ጣቴን ላሰ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት 10፡00

በጉ ተበላ። ናትናኤል ራሱ አረደው። መሪጌታ ባረኩ፣ አያ ሲሳይ ዘፈነ (ይቅር ይበለው)። ሲሄዱ ለአባዬና ለእምዬ ዘርፌ ነገርኳቸው። ቆሜ፣ እንደ ቆጠራው። ሒሳብ ልዘጋ አይደለም፤ የምሄደው ስለምፈልግ ነው። የሚጠራኝ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል።

እምዬ ዘርፌ አባዬን አየችው፦ በል ተናገር፣ አንተ አባት ነህ።

አባዬም፣ በፊት እምቢ ማለት አፍሬ ነበር አለኝ። ያሳደጉኝ ሰዎች ልጄን ሲጠይቁኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ስለዚህ ዝም አልኩ። እሺም አላልኩም፣ ፈርቼ ነው የኖርኩ።

«አሁን ግን እምቢ ማለት እችላለሁ» አለ።

«እና?» አልኩት።

«አልልም።»

እምዬ ዘርፌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ከነጠላው ውስጥ፦ ግን በየፋሲካው ኮን ትመጣለች። አዎ አልኩ። ካልተመቻት ትመለሳለች። አዎ። ጠጉሯን አይላጯትም? አይላጩም፣ እምዬ። «እንግዲያ እኔ ምን አገባኝ» አለች፣ ታለቅሳለች። እሱን ለእኔ ተይው አለች፤ ከገና በፊት የኮን ቤቷን ግድግዳ ሊሠራላት ተስማምተዋል። ድንጋዩን ሁለቱ ይመርጣሉ፤ ከአሁኑ እየተከራከሩ ነው፣ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ቀዩ።

ለሲ/ር ብርሃኔ ደወልኩ። ኔትወርክ ሦስቴ ጣለኝ። በአራተኛው፦ እመጣለሁ አልኳት። ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ንጋት 12 ሰዓት ሚኒባስ። አባትሽስ አለች። እሱ ሰው አለው አልኳት፤ ልቆጥርልሽ? ቁጠሪልኝ አለች። ምስጋናው፣ ካሳ፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ደስታ እያልኩ እንግዳ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሁለቱም እኩል «ንጉሤ!» አሉ።